ሊድቪልን በቅደም ተከተል መጎብኘት፦ ወደ ኮሎራዶዋ የቀድሞ የብር ማዕድን ከተማ ለሚጓዙ ዝርዝር መመሪያ

ሊድቪል በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር 160 ኪሎ ሜትር (100 ማይል) ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ 2,600 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። በ1880 በተደረገው ቆጠራ ግን ከ14,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ወደዚያ ብርድና ከፍታ ያወጣው ከመሬቷ ይገኝ የነበረው የብር ማዕድን ነው። ዛሬ ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ሃሪሰን በተባለው ዋና ጎዳና ላይ አቁሞ፣ በቀይ ጡብ ሕንፃዎቹ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የታየች ሊድቪል ያማረች አሮጌ ከተማ ሆና ከመቅረቷ በቀር ለምን እንደተመሠረተችና በማን ጉልበት እንደተሠራች አትናገርም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጉብኝቱን በተወሰነ ቅደም ተከተል ያስኬዳል፦ መጀመሪያ ከመሬት የወጣውን ማዕድን፣ ቀጥሎ በገንዘቡ የተሠራውን ከተማ፣ ከዚያ ማዕድኑ የተቆፈረበትን ኮረብታ፣ በመጨረሻም የቆፋሪዎቹን መቃብር ማየት ነው።

መመሪያው በተለይ የታሰበው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዴንቨርና በአውሮራ ላሉ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ከሌላ ግዛት ወይም ከአገር ቤት እንግዳ ተቀብለው ወዴት እንውሰዳቸው ለሚሉ ሰዎች ነው። ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ይበቃል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፦ ወሩንና ቀኑን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ቦታዎች ብዙዎቹ፣ ማለትም የማችለስ ማዕድን ማውጫ፣ የሂሊ ቤትና የጉብኝት ባቡሩ፣ የሚሠሩት በሞቃቱ ወራት ብቻ በመሆኑ በኤፕሪል ወይም በኖቬምበር የሄደ ሰው የተዘጉ በሮች ይቆዩታል። በሴፕቴምበር መጨረሻ የአስፐን ዛፎች ቅጠል ወደ ወርቃማ ቢጫ ሲለወጥ ተራራው እጅግ ያምራል፤ መንገዱም በዚያው ልክ ይጨናነቃል።

ቀን ሲመርጡ የከተማዋን በዓላትና ውድድሮች አስቀድመው ይመልከቱ። በኦገስት መጀመሪያ የሚከበረው ቡም ዴይስ የተባለው የማዕድን ዘመን በዓል ከልጆች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ የሚመረጥ ነው፤ በተለይ ሰዎች ጭነት የተጫነች አህያ እየሳቡ ወደ ተራራው የሚሮጡበት ውድድር በአህያ አገር ላደገ ሰው ከትዕይንቱ በላይ ትዝታ አለው። በዚያው ወር የሚካሄደው የ100 ማይል ሩጫ ግን ሯጭ ካልሆኑ የሚሸሽ ነው፤ በሩጫው ሰሞን ማደሪያ ከብዙ ወራት በፊት ይያዛል። ይህ ሩጫ የተጀመረው በ1983 ሲሆን፣ መነሻው የአካባቢው ትልቅ ቀጣሪ የነበረው የክላይማክስ ማዕድን ማውጫ ሥራ ማቆሙና ብዙ ሠራተኛ ያለ እንጀራ መቅረቱ ነው። ከተማዋ ከማዕድን ወደ እንግዳ መቀበል የተሻገረችው በእንዲህ ያለ ችግር ተገፍታ መሆኑን ማወቅ ለጉብኝቱ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፦ ሰውነትን ለከፍታው ማዘጋጀት

ይህን ክፍል መዝለል አይገባም። በ3,100 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ለማነጻጸር ያህል አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሊድቪል ከሁለቱም በላይ ናት፣ በአገራችን አጠራር ደጋው አልቆ ውርጭ ወደሚባለው የሚቃረብ ስፍራ። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» የሚለው ፉከራ እዚህ ላይ መታመን የለበትም። ሰውነት ከከፍታ ጋር የሚላመደው እዚያው እየኖረ ሳለ ነው፤ በሂዩስተን፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ለዓመታት የኖረ ሰው ልማዱ ስለለቀቀው እንደማንኛውም የቆላ ሰው መጠንቀቅ አለበት።

ከቆላማ ቦታ በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ ካለዎት በ1,600 ሜትር ላይ በሚገኙት በዴንቨር ወይም በአውሮራ ቢያንስ አንድ ሁለት ሌሊት ያሳድሩት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የሲክል ሴል ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። ቀደም ሲል በከፍታ ታሞ የሚያውቅ ሰውም አሴታዞላማይድ ስለተባለው መከላከያ መድኃኒት ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩጫም ሆነ ዳገት መውጣት ይቅር፣ አልኮልም አይወሰድ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ።

የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ነው። ቀላል ከሆነ ዕረፍትና የተለመደ የራስ ምታት መድኃኒት ይበቃል፤ ሕመሙ ከቀጠለ ግን ከዚያ በላይ መውጣት አይገባም፣ ከባሰም መውረድ ያስፈልጋል። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ያለው አክታ የሚያስለው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚዘበራረቅበት ሰው ካለ ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ያን ጊዜ ሳይዘገዩ 911 መደወልና በሽተኛውን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ይገባል፤ ከተማዋ ትንሽ ሆስፒታል አላት። በከፍታው ለማደር የሚሠጉ ሰዎች በስተ ደቡብ 35 ማይል ያህል ወርደው በ2,430 ሜትር ላይ በምትገኘው ቡዌና ቪስታ ማደር ይችላሉ፤ ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር ለሰውነት ይቀላል።

ለጾመኞች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 22 ስለሚውል ከምርጡ የጉብኝት ወቅት ጋር ይጋጠማል። እህልና ውኃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት በዚህ ደረቅ አየርና ከፍታ ላይ የከፍታ ሕመምን ያባብሳል፤ ወይ ጉዞውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉት፣ ወይም አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ።

ሦስተኛ፦ ስንቅና ልብስ

በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በመሆኑም ምስርም ሆነ ክክ በድንኳን ወይም በኪራይ ቤት ለማብሰል የሚነሳ ሰው ከቤቱ ከለመደው ጊዜ እጅግ አብልጦ ይጠብቃል፤ ግፊት ያለው ድስት ካልያዙ ወጡን ከቤት ሠርተው መምጣት ይሻላል። እንጀራውንም ከአውሮራ መያዝ ግድ ነው። በከተማዋ ፒዛ፣ የሜክሲኮ ምግብና ሥጋ በቀላሉ ሲገኙ የጾም ምግብ ግን እምብዛም ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ማብሰል ስለማይጠይቁ በኮረብታው ላይ ለሚውሉበት ሰዓት ከምንም ይመቻሉ።

ልብሱ ተደራርቦ የሚለበስ ይሁን። በጁላይ እኩለ ቀን በአጭር እጅጌ የሚኬድበት አየር ማታ ወፍራም ሹራብ ያስፈልገዋል፤ በረዶም በማንኛውም ወር ሊጥል ይችላል። የዝናብ ካፖርት፣ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ በስስ አየር ውስጥ ፀሐይዋ ጥቁር ቆዳንም ታቃጥላለች።

አራተኛ፦ መንገዱ

ከዴንቨር በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ይጓዙ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዴንቨር የሚወስደው አቅጣጫ እጅግ ስለሚጨናነቅ ከተቻለ በሥራ ቀን ይሂዱ፤ ካልተቻለም ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይነሡ። በ1859 ወርቅ የተገኘባትን አይዳሆ ስፕሪንግስን፣ ቀጥሎም ጆርጅታውንን አልፈው፣ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፈው የአይዘንሃወር ዋሻ በኩል ይሻገራሉ። ኮፐር ማውንቴን በተባለው ቦታ፣ መውጫ 195 ላይ፣ ወደ ደቡብ ታጥፈው አውራ ጎዳና 91ን ይያዙ። ከዚያ ወደ ሊድቪል 24 ማይል ነው።

እዚህ ላይ ፍጥነትዎን ቀንሰው በስተ ቀኝ ያለውን ሸለቆ ይመልከቱ። ሰፊውና ሜዳ መስሎ የሚታየው ግራጫ መሬት የተፈጥሮ ሜዳ አይደለም፤ ከክላይማክስ ማዕድን ማውጫ የወጣ፣ ተፈጭቶ ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የቀረ ዝቃጭ ነው። ኮኮሞና ሮቢንሰን የተባሉ የቀድሞ የማዕድን ከተሞች ሥፍራ ከዚህ ዝቃጭ ሥር ተቀብሯል። በ3,450 ሜትር ላይ ወደሚገኘው ፍሪሞንት ፓስ የተባለ መተላለፊያ ሲደርሱ ማዕድን ማውጫው ራሱ ከፊትዎ ይቆማል። የሚወጣው ብረትን ለማጠንከር የሚያገለግለው ሞሊብዲነም ሲሆን፣ በአንድ ወቅት የዓለምን አቅርቦት አብዛኛውን ክፍል ይሸፍን ነበር። በ1980ዎቹ ዋጋው ሲወድቅ ሥራው ተቋርጦ በ2012 እንደገና ተጀምሯል። ስለዚህ በሊድቪል ማዕድን ሙሉ በሙሉ ያለፈ ታሪክ ነው ማለት አይቻልም።

ስለ መኪናው ሦስት ነገሮች ይታወቁ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 የተራራ ክፍል ላይ መኪናው በቂ ጥርስ ያለው የበረዶ ወይም የጭቃና በረዶ ጎማ እንዲኖረው፣ አለዚያም ሰንሰለት እንዲይዝ ሕግ ያስገድዳል። በኮሎራዶ መደበኛ ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን ብዙ ጊዜ 85 ኦክቴን ስለሆነ የመኪናዎ መመሪያ 87 የሚል ከሆነ ከፍ ያለውን ይቅዱ። ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ፍሬን ላይ ከመቆም ይልቅ ማርሽ ይቀንሱ። ስልክ በመተላለፊያዎቹ ላይ ስለሚጠፋ ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ።

አምስተኛ፦ ጉብኝቱን ከሙዚየሙ መጀመር

ከተማ እንደደረሱ በቀጥታ በምዕራብ 9ኛ መንገድ ወዳለው ብሔራዊ የማዕድን የዝና አዳራሽና ሙዚየም ይሂዱ። ቀድሞ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1988 ከአሜሪካ ኮንግረስ ቻርተር የተሰጠው ተቋም ነው። ከደረሱ በኋላ ሰውነት ዕረፍት በሚፈልግበት ሰዓት በዝግታ የሚዞሩበት የቤት ውስጥ ቦታ በመሆኑም ይመቻል። ማዕድን ምን እንደሚመስል፣ በምን መሣሪያ እንደሚፈለፈልና እንዴት እንደሚጓጓዝ፣ የድንጋይ ዋሻ ቅርጽ ተሠርቶለት እየተራመዱ የሚያዩበት ክፍልም አለው። በዚህ ቤት ውስጥ ሲዞሩ ሊከተሉት የሚገባው ታሪክ የሚከተለው ነው።

በ1860 ጸደይ ወርቅ ፈላጊዎች ከከተማዋ አጠገብ ባለው ካሊፎርኒያ ገልች በተባለ ሸለቆ የወንዝ ወርቅ አገኙ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ተከትሏቸው ገባ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ አሸዋውን በረጅም የእንጨት ገንዳ ውስጥ በውኃ ማጠብ፣ ከባዱ ወርቅ ከሥር ሲቀር መልቀም። ነገር ግን ወርቁን ብቻ ሳይሆን አንድ ጥቁርና ከባድ አሸዋ ጭምር ከገንዳው ሥር እየተጠራቀመ ያስቸግራቸው ነበር። ወርቅ አጣቢዎቹ እየረገሙ አውጥተው ይጥሉታል። ወርቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሟጦ አብዛኛው ሰው ከሄደ በኋላ፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ፣ አልቪነስ ውድና ዊልያም ስቲቨንስ ይህን አሸዋ አስመርምረው ብር ያዘለ የእርሳስ ካርቦኔት መሆኑን አረጋገጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለዓመታት ሲረግጠው የኖረው ነገር ሀብቱ ራሱ ነበር።

የማዕድኑ አመጣጥም በሙዚየሙ ካሉት ድንጋዮች ፊት ቆሞ ቢያስቡት ይገባል። በጥንት ዘመን ከጥልቅ መሬት የወጣ ትኩስ ፈሳሽ በኖራ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ ሰርጎ እርሳስ፣ ዚንክ፣ ብርና ብረት ያሉባቸውን የድኝ ውሕዶች አስቀመጠ። ወደ ላይኛው ገጽ የቀረበው ክፍል አየርና ውኃ እያገኘው ሲለወጥ በቀላሉ የሚቆፈርና በቀላሉ የሚቀልጥ ካርቦኔት ሆነ። በ1877 እና በ1878 ከተማዋ በአንድ ጊዜ ያበጠችው ይህ የላይኛው ክፍል ለድሃ ቆፋሪም ቅርብ ስለነበረ ነው፤ ጥልቁን ለማውጣት የእንፋሎት ሞተር፣ ፓምፕና ብዙ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ ቀስ በቀስ ቦታው በኩባንያዎች እጅ ገባ። በከተማው ዙሪያ የተተከሉት ማቅለጫዎችም ከሰል ስለሚበሉ በቅርብ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ አለቀ። አሁን የሚያዩት ጥድ አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው።

ስድስተኛ፦ ሃሪሰን ጎዳና

ከሙዚየሙ ወጥተው በእግር ወደ ሃሪሰን ጎዳና ይውረዱ። እዚህ የሚያዩት ሁሉ ከሞላ ጎደል የሆራስ ቴቦር ታሪክ ጥላ ያረፈበት ነው። ቴቦር ባለ ሱቅና የፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር። በ1878 ሁለት ምስኪን ማዕድን ፈላጊዎች ስንቅና መሣሪያ ጠይቀውት፣ ከሚያገኙት ሲሶውን ሊሰጡት ተስማምተው ወሰዱ፤ የቆፈሩት ጉድጓድ ሊትል ፒትስበርግ የተባለው ሀብታም ማዕድን ሆነ። ቴቦር በዚህ ገንዘብ በ1879 የማችለስን ማዕድን በ117,000 ዶላር ገዛ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ ዛሬም በጎዳናው ላይ የቆመውን የቴቦር ኦፔራ ቤት አስመረቀ። አየርላንዳዊው ጸሐፊ ኦስካር ዋይልድ በ1882 ለማዕድን ቆፋሪዎች ንግግር ያደረገው በዚሁ መድረክ ነው። ሕንፃው በእድሳት ላይ በመሆኑ የጉብኝት ሰዓቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ክፍት ካገኙት ግን የድሮ ትዕይንት ሸራዎቹን ሳያዩ አይውጡ።

በ1886 የተሠራው ዴላዌር ሆቴል ከዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ማደሪያ ባይዙበትም ወደ መግቢያው አዳራሽ ገብቶ ማየት ያስደስታል። ከሃሪሰን ጎዳና ሰሜናዊ ጫፍ ያሉት የሂሊ ቤትና የዴክስተር ጎጆ በ1870ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የኋለኛው ከውጭ ተራ የግንድ ጎጆ፣ ከውስጥ የሀብታም ሳሎን መሆኑ ያስገርማል።

የዚህ ሁሉ ድምቀት ማክተሚያ የ1893 ዓመት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1890 በወጣ ሕግ በየወሩ ብዙ ብር ይገዛ ነበር፤ በ1893 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ሕጉ ተሻረና የብር ዋጋ ተንኮታኮተ። ቴቦርም ያለውን ሁሉ አጥቶ በ1899 ሞተ። ከተማዋ ገበያዋን ለማነቃቃት በ1896 ክረምት ጎብኚ ይስብልናል ብላ ከበረዶ ግንብ ሠርታ ነበር፤ ጸደይ ሲመጣ ቀለጠ፣ ዕዳው ቀረ። ከብሩ ጥፋት ያተረፈው ሊትል ጆኒ በተባለው ማዕድን ወርቅ የተገኘለት ጄ. ጄ. ብራውን ነው፤ ባለቤቱ ማርጋሬት ብራውን በ1912 ከታይታኒክ መስጠም የተረፈችው ሴት ናት። ዴንቨር የሚገኘው ቤታቸው ሙዚየም ስለሆነ ታሪኩን ከጉዞው መልስ እዚያ መቀጠል ይቻላል።

ሰባተኛ፦ ወደ ማዕድኑ ኮረብታ መውጣት

ይህን ለሁለተኛው ቀን ጠዋት ያቆዩት። በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ ስለሚዘወተር እስከ እኩለ ቀን ጨርሶ መውረድ ደንብ መሆን አለበት፤ በተለይ ዛፍ በሌለበት ቦታ ደመና ሲጠቁር ምንም ሳይጠብቁ ወደ መኪና ይግቡ።

መጀመሪያ በምሥራቅ 7ኛ መንገድ ከአንድ ማይል ትንሽ በላይ ወጥተው የማችለስን ማዕድን ይጎብኙ። ጉብኝቱ ከመሬት በላይ ያለውን የሚያሳይ ነው፤ የእንጨት ማማውን፣ የማንሻ ሞተሩን ቤትና አንዲት ትንሽ ጎጆ ያያሉ። በዚህች ጎጆ የቴቦር ሁለተኛ ሚስት፣ ቤቢ ዶ በሚል ስም የምትታወቀው ኤልሳቤጥ፣ ከባሏ ሞት በኋላ ለአሥርት ዓመታት በድህነት ኖራ በማርች 1935 በብርድ ደርቃ ተገኝታለች። ባሏ ሲሞት «ማችለስን እንዳትለቂ» ብሎ ተናዝዞላታል የሚለው ወሬ ታሪክ አጥኚዎች የሚጠራጠሩት ነው፤ ጎጆዋ ግን ያለ ወሬውም ትናገራለች። በእኔ ግምት ኦፔራ ቤቱን ባዩ ማግሥት ይህችን ጎጆ ማየት ከጉብኝቱ ሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ሚነራል ቤልት የተባለውን መንገድ ይያዙ። በ2000 የተከፈተ፣ በአስፋልት የተነጠፈ፣ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች፣ ከተማዋንና የማዕድን ኮረብታዎቹን የሚዞር የ11.6 ማይል ክብ መንገድ ነው። ሙሉውን በእግር መሄድ ከፍታውን ላልለመደ ሰው ይበዛል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ክፍል አሮጌ ማማዎች፣ የድንጋይ ቁልሎችና ገላጭ ሰሌዳዎች የበዙበት ስለሆነ እሱን ብቻ ሁለት ሦስት ማይል ሄዶ መመለስ ይበቃል።

በመንገዱ ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ቁልሎች ሲያዩ ምን እንደሆኑ ይወቁ። በድንጋዩ ውስጥ ያለው የብረትና የድኝ ውሕድ አየርና ውኃ ሲነካው አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም እያሟሟ ወደ ወንዝ ያወርዳል። ጉድጓዶቹን ለማጠንፈፍ የተቆፈረው ያክ የተባለው ዋሻ ይህን ውኃ ለብዙ ዓመታት ወደ አርካንሳስ ወንዝ ሲያፈስ ኖሯል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1983 ስፍራውን በብክለት ከሚጸዱት ዋና ዋና ቦታዎች ዝርዝር አስገባው፤ ከ1992 ጀምሮ ውኃው በማጣሪያ እየታከመ ይለቀቃል፣ ወንዙም አገግሞ ዛሬ ዓሣ አጥማጆች ትራውት ፍለጋ ይመጡበታል። ከቁልሎቹ አንዳንዶቹ ሳይነሡ የቀሩት ከተማው የታሪኩ አካል ናቸው ብሎ ስለተከራከረላቸው ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች የሚታለፉ አይደሉም። ልጆች በቁልሎቹ ላይ አይጫወቱ፣ አይንሸራተቱ፤ ከምግብ በፊት እጅ ይታጠብ፣ ጫማም ቤት ሳይገቡ ይራገፍ፣ ምክንያቱም የእርሳስ ብናኝ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ወደ ማንኛውም የተተወ ጉድጓድ ወይም ዋሻ አይግቡ፣ አፉ ላይም አይቁሙ፤ የበሰበሰው እንጨት ይከዳል፣ ውስጡ የታመቀው አየርም ኦክስጅን ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ከኮረብታው አብዛኛው የግል ይዞታ በመሆኑ ከመንገድ አይውጡ፣ የሚያምር ድንጋይ ቢያዩም አንሥተው ኪስዎ አይክተቱ። ከሸለቆው ውኃም አይጠጡ፣ አጣርተውትም ቢሆን፤ ተራ ማጣሪያ በውኃው የሟሟውን ብረት አያስቀርም።

መሬት ሥር መግባት የግድ የሚያምርዎት ከሆነ ሲመለሱ ጆርጅታውን ላይ በአስጎብኚ የሚገባበት የሌባኖን የብር ማዕድን አለ፤ የሚደረስበት በባቡር ስለሆነ ቲኬቱን አስቀድመው ይያዙ።

ስምንተኛ፦ መካነ መቃብሩና የአይሁድ ቤተ መቅደስ

ከኮረብታው ሲወርዱ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ወዳለው ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ይሂዱ። በዋናው ክፍል የታወቁ ቤተሰቦች የተቀረጹ ሐውልቶች ይታያሉ። ከዚያ ወደ ጥዱ ውስጥ ዘልቀው ሲገቡ መሬቱ በየተራው ሰርጎ ሰርጎ ይታያል፤ ይህ ከ1,000 በላይ ድሆች፣ አብዛኞቹ ከአየርላንድ የተሰደዱ ካቶሊኮች፣ ያለ ስም የተቀበሩበት ነው። ብዙዎቹ በሳንባ ሕመም፣ በማዕድን አደጋና በወረርሽኝ የሞቱ ወጣቶችና ሕፃናት ናቸው። በቅርብ ዓመታት ስማቸው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተለቅሞ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

እነዚህ ሰዎች በጉድጓድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠርተው የሚከፈላቸው ሦስት ዶላር ገደማ ነበር። በ1896 ከዚያ በታች የሚከፈላቸው ሦስት ዶላር ይሁንልን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ማዕድኖቹ ተዘጉ፣ ደም ፈሰሰ፣ የግዛቱ ጦር ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማርች አድማው ያለ ውጤት አበቃ። በባዕድ አገር ሌሊት ተረኛ ሆኖ ለሚሠራ አንባቢ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዛሬም ከከተማዋ ነዋሪዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ፣ ጎሕ ሳይቀድ በተራራው መንገድ ወደ ሌሎች የበረዶ መዝናኛ ከተሞች ለሥራ ይሄዳሉ፤ ቤታቸውን ፎቶግራፍ ሲያነሡ ይህን ያስቡ።

በመቃብሩ ውስጥ የአይሁድ ክፍልም አለ። በ4ኛና በፓይን መንገድ ጥግ ያለው ቴምፕል እስራኤል የተባለው ትንሽ ቤተ መቅደስ በ1884 የተሠራ ሲሆን፣ አሁን ታድሶ ሙዚየም ሆኗል፤ በጥቂት ደቂቃ ታይቶ ያልቃል፣ ሳይታይ መታለፍ ግን የለበትም።

ዘጠነኛ፦ ጊዜ ከተረፈ

ጊዜ ላላቸው ሁለት አማራጮች ይበቃሉ። ትንንሽ ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉ ከምሥራቅ 7ኛ መንገድ የሚነሣውና በአሮጌው የማዕድን ሐዲድ ወደ ፍሪሞንት ፓስ አቅጣጫ የሚወጣው የጉብኝት ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ታሪክ ለሚወዱ ደግሞ በአውራ ጎዳና 24 በስተ ሰሜን የሚገኘው ካምፕ ሄል ይሻላል፤ በ1942 የተሠራ፣ በ1945 ጣሊያን ውስጥ የተዋጋው 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር የሠለጠነበት ሸለቆ ነው። ያልፈነዱ ጥይቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ከተከለሉት መንገዶች አይውጡ።

4,401 ሜትር ከፍታ ያለውን ኤልበርት ተራራ ለመውጣት የሚመኝ ሰው ይኖራል። ከራስ ዳሸን ያነሰ መሆኑ አያታልል፤ በዚህ የሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ መጨመር አይገባም። ለብቻው ቀን ተይዞለት፣ ሰውነት ከተላመደ በኋላ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚወጣ ነው።

አሥረኛ፦ መመለሻ

እሑድ የሚመለሱ ከሆነ ወይ እስከ ረፋዱ ድረስ ይነሡ፣ ወይ እራት በልተው ጭንቅንቁ እስኪቀልል ይቆዩ። በአይ-70 አደጋ ወይም መዘጋት ካለ በአውራ ጎዳና 24 ወደ ቡዌና ቪስታ ወርደው፣ ከዚያ አውራ ጎዳና 285ን ይዘው በፌርፕሌይ በኩል ዴንቨር መግባት ይቻላል፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ከመነሣትዎ በፊት የግዛቱን የመንገድ ሁኔታ መረጃ ይመልከቱ፣ ቤንዚኑንም ሊድቪል ላይ ይሙሉ። በምንም ዓይነት መልኩ ካርታው አጭር ነው ብሎ በሞስኪቶ ፓስ በኩል ቢመራዎት አይከተሉት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያልፍ ድንጋያማ ዱካ ስለሆነ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪናና ልምድ ያለው ሹፌር ይፈልጋል፣ ዓመቱን በሙሉ ሊባል በሚችል ጊዜም በረዶ ይይዘዋል።